መኪናዬ የታጠበች ዕለት

ግባ አበልጄ፣ ግባ ጉግሳዬ። ጫማህን አታውልቅ፣ ወለላችን የጭቃ ጫማ ለምዷል። ቤተሰብ ደህና ነው? እሰይ፣ ይመስገን። ባሌ ጋራዥ ናቸው፤ ያቺን የጭቃ መኪናቸውን ትሬይለር ላይ በሰንሰለት እያሰሩ ነው። እስኪጨርሱ ቁጭ በል፣ ሻይ ልስጥህ። ሙቀቱን አየኸው? ገና ጁን ሳይጋመስ አስፋልቱ ጫማ ሊያቀልጥ ነው። የጋራዡን በር ክፍት የተውኩት ለነፋሱ ነው እንጂ ወሬያችን እዚያ እንዲደርስ ብዬ አይደለም።

ስትገባ መኪናዬን አየሃት? እንዴት አታያት፣ ታብረቀርቃለች እኮ። ዛሬ ጠዋት ስነሳ ታጥባ አገኘኋት። ውስጧ በቫኪዩም ተጠርጓል፣ ጎማዋ ሳይቀር ቅባት ተቀብቷል። ስድስት ዓመት ስነዳት ውሃ የሚነካት ዝናብ የጣለ ቀን ብቻ ነበር። እና እሳቸው በቅዳሜ ጠዋት፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ከሞቀ አልጋቸው ተነስተው... እንዲህ ያለውን ባል ስንት ሴት ታገኛለች? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ፤ እኛ ቤት ግን ባለቤቷን አክብረው ነው መኪናዋን የሚያጥቡላት። የልጃችንን የፅዮንን መቀመጫ፣ ካር ሲቷን ሳይቀር ፈተው አውጥተውላታል። ይኸው ከጎንህ፣ ሶፋው ላይ። የክርስትና ልጅህ እዚያ ተቀምጣ ካርቱን እንድታይ አስበው ይሆናል። አባት ብዙ ያስባል።

ግሬፕቫይን መኪና መሸጫው ጋ ልትሄዱ ነው አሉ። ጥሩ ነው። ያቺ አሮጌ የጭቃ መኪና... አሮጌ አልኳት እንዴ? የ2008 ሞዴል ናት፣ አሁን ገና 2009 ነው፣ ዓመቷ ነው። እሷ ትመለስና ጉልበተኛዋ ትመጣለች ማለት ነው። ሶ፣ እኔ ስለዚህ ነገር ምን አውቃለሁ? በር የሌላት፣ ጭቃና ዳገት የምትወጣ ትንሽ መኪና መሆኗን አውቃለሁ። "ሳይድ ባይ ሳይድ" ነው የሚሏት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ስለሚቀመጥባት። አንዱ ወንበር የእሳቸው ነው፣ ሌላው የኩለሩ፣ የመጠጥ ማቀዝቀዣ ሳጥናቸው። ኩለሩን ደግሞ ቀበቶ አስረውለት ነው የሚሄዱት፣ እንዳይወድቅባቸው። እኔ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ተቀምጬባት አላውቅም። ብቀመጥስ ምን እጠቅማለሁ? ኩለሩ በረዶ ይይዛል፣ እኔ ምን እይዛለሁ?

የፋሲካውን እንኳ አንተም ነበርክ፣ ገፍተሃል። አሁንም ሳስበው ይደንቀኛል። ቴረል ካለው እርሻ በሬውን አሳርደን፣ የአስራ ሁለት ቤት ቅርጫ ተጭኖ፣ ሰው ሁሉ ሁለት ወር ሊሞላው ጾሞ ሥጋ ሥጋ እያለው። የጠጠሩ መንገድ አለ፣ ደረቅ፣ ሰፊ... ግን ያ የሰነፍ መንገድ ነው። እሳቸው "ሥጋውን በወንዙ ዳር አቋርጬ አወጣዋለሁ" አሉ። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭቃውን። ከነበሬው ገብተው ቁጭ አሉ። እናንተ ስትገፉ፣ ጎማው ጭቃ ሲረጫችሁ፣ መኳንንት ምስኪኑ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መጥቶ... ተወው። ያኔ ነው እሳቸው ወደ ሰማይ አንጋጠው "እመቤቴ፣ ካወጣሽልኝ ጥላ አስገባለሁ" ብለው የተሳሉት።

አብራን ቅርጫ የገባችው አበዛሽ ጉልበቷን ስለሚያማት መግፋት አልቻለችም። "መሪውን እኔ ልያዝላችሁ" ብላ ወጣች። ሲመሽ መብራቱን ልታበራ አንድ በተን ተጫነች... እና መኪናዋ እንደ ወይፈን ዘላ ወጣች። እልል ተባለ። ጥላው ገባ፣ ሰው ፊት ቆመው ተአምሩን መሰከሩ፣ እኔም ከሁሉ አስበልጬ እልል አልኩ። እመቤታችን የምታውቀውን ታውቃለች፣ በእሷ አልገባም። በሳምንቱ ግን ጭቃውን ሳጥብ... አዎ፣ ያቺን የማጥባት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማን ያጥባታል?... ያቺን በተን አየኋት። ባንድ በኩል ሁለት ጎማ ተስሎባታል፣ በሌላው በኩል አራት። አበዛሽ የተጫነችው አራቱን ነው። ለካ ዓመት ሙሉ በሁለቱ ጎማ ብቻ ኖሯል የሚሄዱት። አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ ልንገራቸው? ፈረስ ያደርሳል እንጂ በተን አይጫንም።

እሳቸው ታዲያ ምን አሉኝ መሰለህ? "የትምወርቅ፣ እመቤታችንን ሁልጊዜ ማስቸገር ነውር ነው፤ የሚያስፈልገኝ ጉልበት ያለው ሞተር ነው።" እንዴት ያለ መንፈሳዊነት ነው? ስንቱ ክርስቲያን ሲለምን ይውላል እንጂ የእሷን ድካም ማን አስቦላት ያውቃል? ከአያያዝ ይቀደዳል የሚሉት የድሮ ሰዎች ናቸው፤ ሞተር የት አይተው። ሰው ካልቻለ ጥፋቱ የሞተሩ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ አበልጄ፣ አትቀየመኝም? የጭቃዋን መኪና ትራካቸው ይጎትታታል። ትራኩን እሳቸው ይነዳሉ። አንተን ደግሞ ሚስትህ ደጅ አውርዳህ ሄደች፤ ያለ መኪናህ ነው የመጣኸው። ታዲያ... አንተ ምን ልትነዳ ነው? ጠጣ እንጂ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ። ምነው፣ ትኩስ ነው እንዴ? አሳለህ።

ትናንት ሻጩ ኮል አድርጎ ነበር። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ምን የመሰለ ትሁት ልጅ ነው። "ለትሬድ ኢን፣ በአዲሷ ልትለውጧት የምታመጧት ሁለተኛዋ መኪና ታጥባ ብትመጣ ጥሩ ነው" አለኝ። እኔም ኦኬ፣ እነግራለሁ አልኩት። ሳልነግራቸው ጠዋት ታጥባ አገኘኋት። አየህ ልብ ለልብ መተዋወቅ ማለት? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የእኛ ቤት ሰው ግን ሞኝ አይደሉም፣ ይለቃሉ። የያዙትን ሳይሆን እኔ የያዝኩትን።

አልከፋኝም፣ ለምን ይከፋኛል? ከዚህ ከሜስኪት ኧርቪንግ የምሠራበት ሆቴል ድረስ ምን ርቀት አለው? ባቡሩም ኧርቪንግ ይገባል ይገባል እየተባለ ነው፤ ፅዮን ኮሌጅ ስትገባ አብሮ ይገባ ይሆናል። እስከዚያ እሳቸው አስበውልኛል። ኩለሩን አንድ ቀን ቢያሳርፉልኝ አዲሷ ላይ ተቀምጬ፣ ትሪኒቲ ወንዝን ዳር ዳሩን ይዤ፣ በጭቃው ሥራ እገባለሁ። የሆቴሉ ማናጀር "ምን ሆነሽ ነው?" ካለኝ ባሌ አሳደገኝ እለዋለሁ። ሁለት ሺፍት ሠርቼ ያወጣኋት መኪና ነበረች፣ ግን መኪና ምንድን ነው? ብረት ነው። ሰው ነው የሚበልጠው። ሳይጠይቁ የሚወስዱብህ የራስህ ሰው ሲሆኑ ነው እንጂ፣ የባዳማ ሌብነት ይባላል።

ጋራዡ ዝም አለ... ሰንሰለቱም አይሰማም። ደክሟቸው ይሆናል፣ ጠዋት መኪና ሲያጥቡ ነበር።

በል፣ እኔ ሥራ ልግባ፣ ሺፍቴ ደርሷል። የመኪናዬን ቁልፍ ከማንጠልጠያው ብታጡት በመፈለግ እንዳትደክሙ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ትርፉ ቁልፍም እዚያው ነው። አንተ ያቺን ካር ሲት ይዘህ ተከተለኝ፣ ቦታዋ ላይ ታስርልኛለህ፤ የክርስትና አባት ሥራው ይኼ አይደል?

ሳልወጣ ግን ልመርቃቸው። ካልሰሙኝ አንተ ታደርስልኛለህ። ያሰቡትን ያሳካላቸው፣ የጎደላቸውን ጉልበት ይሙላላቸው። ዕድሜ ይስጣቸው፣ ረጅም ዕድሜ። ሸምግለው፣ ዓይናቸው ፈዞ፣ እግራቸው እምቢ ብሎ የልጅ እጅ የሚያዩበት ቀን ሲመጣ... ፅዮኔ፣ ዛሬ እሳቸው እናቷን ባሰቧት ልክ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ታስባቸው። አሜን በል እንጂ አበልጄ።