ሲምቦን ያስወጣች እጅ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደ ወጉ ደግሞ ጓዶች፤

ይህን ግብዣ ላዘጋጃችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። የግብዣ ኮሚቴው በተለይ ይመስገን። አንዲት ጡረተኛ ለመሸኘት የፈጀበት አምስት ስብሰባ ብቻ ነው። ስለ ብርድ ልብሱም እግዜር ይስጥልኝ። ጎባ ላይ ሃያ ሦስት ዓመት ስንቀጠቀጥ ኖሬ ብርድ ልብሱ ልሄድ ስል መድረሱ የዕቅድ አወጣጣችንን ጥልቀት ያሳያል።

ወደ ቁም ነገሩ ሳልገባ አንድ የማፍርበትን ነገር ላጫውታችሁ። ከዚህ አዳራሽ እንዳይወጣ ብዬ አልለምናችሁም፤ እኛ ሮቤ ሳንደርስ ወሬው ቀድሞን ገበያ ይገባል። ሲምቦን ከፊልሙ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። እኔ፣ በብዕሬ የወለድኳት፣ በእጄ። ምክንያቴ ደግሞ መስኮት ነው።

ከገሰራና ከጎሮ የመጣችሁ እንግዶች «ሲምቦ ማን ናት?» ሳትሉ አትቀሩም። ይህ የማስታወቂያ ክፍላችን በየወሩ የሚያወጣት መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ላይ «የሳነቴ ሰባቱ» የሚባል የሥዕል ታሪክ አለ። ሥዕሉ የጀይላን፣ ቃሉ የእኔ። ከሰው በላይ ኃይል ያላቸው ሰባት ጀግኖች ሳነቴ ተራራ ላይ ይኖራሉ፤ ሕዝብ ሲቸገር ይወርዳሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ወርደው ወርደው ጉልበታቸው አልቋል።

ባለፈው የካቲት ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። ታሪካችን በካርቱን ፊልም ሊሠራ ነው! በላንድሮቨር ተጭኖ፣ ነጭ ሸራ ተወጥሮለት፣ በየከተማው ሊታይ ነው! ደስታችን ሁለት አንቀጽ ቆየ። ሦስተኛው አንቀጽ «ሥዕል እንዲንቀሳቀስ ለአንዷ ሰከንድ አሥራ ሁለት ጊዜ መሣል አለበት፤ ሰባት ሰው አንችልም፤ አራቱን አስመርጣችሁ ላኩ» ይላል።

«አስመርጣችሁ»! የጻፈው ሰው «መርጣችሁ» ቢል ኖሮ እኔና ጀይላን አንድ ሻይ ሳይበርድ እንጨርሰው ነበር። «አስመርጣችሁ» ካለ ግን እኛ ምርጫ እናውቃለን። ሰባት አባላት ያሉት አስመራጭ ኮሚቴ ተቋቋመ። ዕጩዎቹ ከወረቀት ወርደው የማያውቁ መሆናቸው የማንንም ትጋት አልቀነሰም። እንዲያውም «የመደብ ጀርባቸው ይጣራ» ያለ ጓድ ነበር። ስሙን አልጠራም። ጓድ ሙሉሃብት፣ ጥብሱ እንዳይቀዘቅዝብዎት።

የቡድኑ መሪ ያለ ክርክር አለፈ። የመሪው ኃይል ምንድን ነው? መመሪያ መስጠት። በስድስት ዓመት አንዲት ጠጠር አንስቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ስህተትም አልተገኘበትም።

ጡንቸኛው ሁለተኛ ሆነ። እዚህ ላይ የሲኒማ መኪናችን ሾፌር አቶ ቱፋ ተሟገተለት። «ያ ጎፍታ፣ ጌታዬ!» አለ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሮ፣ «እሱ ካልተመረጠ ክረምት ላይ መኪናዬን ከጭቃ ማን ያወጣልኛል?» ሥዕል ነው ብንለውም «መንግሥት የሰጠኝ ጎማም እኮ በሥዕል ነው» አለን።

ክንፋሙ ትንሽ አወዛገበ። መብረሩን የተቃወመ የለም፤ ጥያቄው የይለፍ ወረቀት ማን ይሰጠዋል የሚል ነበር። ከአውራጃው ክልል ሳይወጣ፣ ዝቅ ብሎ እንዲበር ተስማማን። እሳት ተፊው ለደናችን ያሰጋል ተብሎ ወደቀ። ሯጩን ጓድ ሙሉሃብት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፤ «ከማን ነው የሚሸሸው?» መልስ ስለሌለው እሱም ወደቀ። ጉሙ፣ ያ ብን ብሎ የሚጠፋው፣ ስብሰባ ላይ መገኘቱ እንዴት እንደሚረጋገጥ ብዙ ካነጋገረ በኋላ፣ ተቃውሞ አሰምቶ እንደማያውቅ ተመስክሮለት አለፈ። በዚህ ጠባዩ ከአባላቱ ብዙዎቻችንን ይመስላል።

ቀረች ሲምቦ፤ ከሰባቱ አንዷ ሴት። ኃይሏ ጆሮዋ ነው። ጎሮ ላይ ሕፃን ቢያለቅስ ሳነቴ ላይ ሆና ትሰማለች።

ሊቀመንበራችን ጓድ ኃይለመስቀል መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህቺ ሴት ሁሉን ትሰማለች ነው የምትሉኝ?»

«አዎ ጓድ።»

«ግድግዳ ቢኖርም?»

«ግድግዳ ቢኖርም።»

«ለማን ነው የምትሰማው?»

ጓድ ሙሉሃብት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህን ሥራ የሚመለከተው አካል አለ፤ የሥራ መደራረብ ይፈጠራል» አሉ። ሴቶች በማን ይወከላሉ ስንል ሊቀመንበሩ አሰቡና «በመሪው» አሉ።

ድምፅ ተሰጠ። «ሲምቦ ትውጣ የምትሉ!» ሦስት እጅ ወጣ። ሦስት እጅ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። በዚያች ደቂቃ ከበስተጀርባዬ የጎባ ንፋስ በመስኮቱ ገብቶ አንገቴን ቆረጠኝ፤ መስኮቱ ይዘጋልን ለማለት እጄን አወጣሁ።

አራት!

አብላጫ መሆኑን ያዩት የቀሩት ሦስቱም እጃቸውን አወጡ፤ ጀይላንም፣ የገዛ ሥዕሉ ላይ። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ስለሆንኩ «በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ብዬ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። መስኮቱስ? ክፍቱን ቀረ። አጀንዳ አልተያዘለትማ።

ትስቃላችሁ፤ እኔም ሌላ ሰው ላይ ቢደርስ እስቅ ነበር። ነገር ግን አፍ አልነበረኝም? «ጓድ፣ እጄ ለመስኮቱ ነው» ማለት ስንት ቃል ነው? አራት። አልተናገርኩም። ስለ ጆሮ የተጠየቀውን ጥያቄ ሰምቼ ነበርና ፈራሁ። ይህንን በቃለ ጉባዔው ላይ አታገኙትም።

አሁን ሃጂራን ላስተዋውቃችሁ። ያቺ በሩ አጠገብ የተቀመጠችው፣ የማባዣ ማሽናችን ባለቤት። ሲምቦ ማለት እሷ ናት። ማሽኑ ወረቀት ሊጨርስ ሲል ከሌላ ክፍል ሆና ድምፁን ትለያለች፤ ጀይላን ይህን አይቶ ነው ሲምቦን በሃጂራ መልክ፣ ከነሻሿ፣ ከነፍንጭቷ የሳላት። ሮቤ ገበያ ስትወጣ ባለ ስንዴዎቹ «ሲምቦ! ጎሮ ዛሬ ስንዴ ስንት ገባ? ሰምተሽ ንገሪን» እያሉ ይቀልዱባታል።

እናቷ ወይዘሮ ዙህራ ጎሮ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፣ መጽሔታችን እዚያ ስትደርስም ስኳር ተጠቅልሎባት ነው። ፊልሙ ይመጣል ሲባል ግን «ልጄን በሸራ ላይ አያታለሁ» ብለው ለመንደሩ ሁሉ አወሩ። አንዱ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል፤ ሁለተኛውም ጀምሮታል። የሚቸኩሉት ለዚህ ነው።

ከምርጫው ማግስት ሃጂራ መጣች።

«ወይዘሮ ማናልበሽ፣ እርስዎም እጅዎን አወጡ አሉኝ።»

«ለመስኮቱ እኮ ነው ልጄ።»

ዞር ብላ አየችው። «መስኮቱማ እስካሁን ክፍት ነው» አለችኝና ሄደች። ወላሂ፣ ከሊቀመንበሩ ግሳፄ ሁሉ የበለጠ ያመመኝ ይህ ነው። ሦስት ወር ሰላምታዋ «ደኅና» ብቻ ነበር።

ግንቦት ላይ ከአዲስ አበባ ሁለተኛ ደብዳቤ ደረሰ። ሠዓሊዎቹ ሥራውን ሲያሰሉ ጉሙ ታሪኩ ሁሉ ውስጥ ብን ብሎ ጠፍቷል። የጠፋ ሰው አይሣልም። «ስለዚህ ለአንድ ሰው ቦታ ተርፏል፤ ወሩ ሳያልቅ ከላካችሁ እንጨምራለን» ይላሉ። ጓድ ኃይለመስቀል ደብዳቤውን አንብበው «በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እናየዋለን» ብለው ሳጥን ውስጥ ከተቱት።

ያለፈው ረቡዕ፣ ወሩ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው፣ የመጨረሻ ስብሰባዬ ነበር። አሥራ አንድ አጀንዳ ተነጋግረን ምሳ ሰዓት አልፎ፣ የአቶ ቱፋ ሆድ ከሁላችንም በላይ ሲናገር፣ «ልዩ ልዩ» ላይ ደረስን። ተነሥቼ አነበብኩ፤ «ቀደም ሲል በተላለፈው ውሳኔ መንፈስ፣ የጉድለት ማሟያ አባልን በተመለከተ፣ ከነባራዊው ሁኔታ ጋር በተገናዘበ መልኩ አፈጻጸሙ እንዲፋጠን።»

ይህ ምን ማለት ነው? ሲምቦ ትግባ ማለት ነዋ! ሃያ ሦስት ዓመት የተማርኩት ቋንቋ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ለጥሩ ነገር ልጠቀምበት አልኩ። ጓድ ሙሉሃብት «ትክክለኛ አቋም ነው» አሉ። ሰባት እጅ ወጣ። ሊቀመንበሩ ፈረሙ፤ ማኅተም ተመታ።

አይነሡ ጓድ ኃይለመስቀል። አሁን ገና ነው የገባዎት? ፊርማዎ እኮ ያምራል። ጀይላን ዛሬ ለምን እንደቀረ ስትጠይቁኝ ነበር፤ የሲምቦን ሥዕሎችና ቃለ ጉባዔውን ይዞ በማለዳው አውቶቡስ ተሳፍሯል። ይህን ጊዜ ዶዶላን አልፏል። ስልክ እንዳይደውሉ ስልካችን ከተበላሸ አሥር ቀኑ ነው፤ ጥገናው በዕቅድ ተይዟል።

የጡረታ ወረቀቴ አልቋል፤ እኔን መገሠጽ ይቻላል፣ ማባረር ግን አይቻልም። ሌላ ሰው አላማከርኩም። ጀይላንም የተላከውን ነው ያደረሰው፤ ትእዛዙ የእርስዎ ፊርማ አለበት።

ሃጂራ፣ አታልቅሺ። ትናንት ስነግራት ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? «አዲስ አበባም ደግሞ ምርጫ ቢያደርጉስ?» ሊያደርጉ ይችላሉ። በሰላም ይደርሳል ብዬ አስቀድሜ አልምልላችሁም፤ ማኅተም ብዙ ነው፣ ሸራው አንድ ነው፣ የወይዘሮ ዙህራም ዓይን አንድ ነው።

በሉ እንግዲህ። ጓድ ኃይለመስቀል፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ ሳያነቡ የማይፈርሙበት ዘመን ያምጣልዎት። አቶ ቱፋ፣ ደረቅ መንገድ ይስጥህ። ጓድ ሙሉሃብት፣ የሚሮጥ ሰው ሲያዩ «ወዴት ነው?» ብለው የሚጠይቁበት ቀን ያድርስዎት። ለዚህ ቤት ልጆች ሁሉ ሥራችሁ ይባረክ፣ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፣ የፈለጋችሁትን ስታዩ የምትነግሩት ሰው አይጥፋባችሁ። ሆራ ቡላ! ነጋቲ! እየበዛችሁ ኑሩ፣ ደኅና ሁኑ!

እኔ ፊልሙ ጎሮ የሚታይ ዕለት ከወይዘሮ ዙህራ ጎን ምንጣፍ ላይ እቀመጣለሁ። ሲምቦ ሸራው ላይ ብትወጣ እናቷ ያሉትን፣ ባትወጣም የጠየቁኝንና የመለስኩላቸውን፣ ቃል በቃል ጽፌ እልክላችኋለሁ። ያለ ኮሚቴ፣ በስሜ ብቻ።