ዝም ማለት ስማር

ወልድያ ሶሻል ወርክ ስማር መምህራችን፣ «ሰው ስታነጋግሩ አትቸኩሉ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ዝምታን አትፍሩ» ይለን ነበር። ለልምምድ መርሳ፣ እማማ ዘነቡ ቤት ስላክ ያለውን ሁሉ ልፈጽም ቆረጥኩ። ልጃቸው የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ብቻቸውን ነው የሚውሉት፤ ከጎረቤታቸው ከእትዬ አስካለ ጋርም በአጥር ሰበብ ከተኳረፉ ከርመዋል።

በማለዳ ሄጄ ቀስ ብዬ ገባሁ። ዝቅ ባለ ድምፅ «እንደምን አደሩ» አልኩና ተቀምጬ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አደረጉ።

«ልጄ ነው?» አሉኝ።

ደስ አለኝ፤ ዝምታው ሠርቷል። እንደተማርኩት፣ «ስለ ልጅዎ ሲያስቡ ምን ይሰማዎታል?» አልኳቸው።

«ወየው ልጄን» ብለው መንደሩን በጩኸት አናወጡት። በማለዳ መጥቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው መርዶ ነጋሪ መሆኑን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም ትምህርቱን እስክጀምር ድረስ አውቅ ነበር።

ከሁሉ ቀድመው የደረሱት እትዬ አስካለ ናቸው። ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቁ እማማን አቅፈው አብረው ያለቅሱ ጀመር። እኔ በድንጋጤ የእማማን ስልክ አንስቼ ልጃቸው ጋ ደወልኩ፤ ውርጌሳ ላይ ቁርስ እየበላ ነበር። ድምፁን ሲሰሙ ሁለቱም እኩል ወደ እኔ ዞሩ፤ እየተቀባበሉ ሲሰድቡኝ ኩርፊያው ተረሳ።

መምህሬ «በምን ዘዴ አስታረቅካቸው?» ሲለኝ «በዝምታ» አልኩት። እንዴት እንደሆነ ሲጠይቀኝ ግን ዝም አልኩ።