እጣቢው የወረደበት ፊት

በአልባኒያ የባሕር ዳርቻ ባለችው ከተማችን፣ አንድ ቀን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ለምሳ ስመለስ፣ ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ራፖ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መረባቸውን ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ሰላምታችንን ሳንጨርስ ከመንገዱ ማዶ ካለው ጉድጓድ አንዲት ወጣት ሴት ወጣች። ከራስ ጠጉሯ እስከ ጫማዋ በእጣቢ ርሳለች።

ሚሞዛ ትባላለች፤ ሥራዋ የጥንት ፍርስራሽ ማጥናት ነው። በዚያው ዓመት አንድ ጎረቤታችን ምድር ቤት ሲያስቆፍር መሬቱ ተደርምሶ፣ ከቤቶቻችን ሥር ሮማውያን የሠሩት ክብ የትርዒት ሜዳ ተገኝቶ ነበር። የሰፈሩ ሰው ወደ ሜዳው የሚወርደውን ፍሳሹን ወደ ከተማው ቱቦ እንዲያዞር ቢለመንም እሺ ያለው ጥቂት ነው። ከእምቢተኞቹ ቀንደኛው ራፖ ነበሩ።

«ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አሉ መረቡን ጥለው።

«ከላይ ወረደብኝ፣ አጎቴ።»

«የማን ነው? ንገሪኝና ደጁ ድረስ ሄጄ ላሳፍረው። እንግዳ ላይ እጣቢ የሚደፋ ነውረኛ በዚህ ሰፈር አለ?»

ሚሞዛ ይሉኝታ ይዟት አንገቷን ደፋች። ይህን ጊዜ የራፖ ባለቤት ናዝሚዬ ባዶ ባልዲ ይዘው ብቅ አሉ። «ምነው፣ ምን ሆናችኋል? እኔ ዓሣውን አጥቤ እጣቢውን አሁን መድፋቴ ነው።»

ራፖ እስከ ጆሯቸው ቀሉ። በእኛ ዘንድ እንግዳ ያዋረደ ሰው አደባባይ አይወጣም። ናዝሚዬ ልጅቷን አስገብተው አጠቧት፤ የራሳቸውን ቀሚስ አለበሷት። ራፖም ራኪ የሚባለውን አረቄ ቀድተው አቀረቡላት። ያፈረ ሰው ግን አስቀድሞ የሚቀናው ክርክር ነውና፣ ብርጭቆው ሳይነሣ ጀመሩ።

«እስኪ ፍረጂኝ። አባቴ ይህን ቤት ሲሠራ ከታች ምን እንዳለ የነገረው የለም። ውኃ ደግሞ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይፈስም።»

«ልክ ነው። ያኔ አይታወቅም ነበር፤ ዛሬ ግን ታውቋል።»

«ምኑ ታወቀ? ሰው ለአውሬ እየተጣለ ሕዝብ ሲስቅ የዋለበት ነው አሉ። የደም ቦታ ማክበር ነው የተማርሽው? እኔ ብሆን አፈር እመልስበታለሁ።»

ይህን ነገር እኔም በልቤ ይዤው ነበርና ጆሮዬን አቀናሁ።

«ገዳዮቹን እናክብር አላልኩም» አለች ሚሞዛ። «የሞቱት ግን እናት የወለደቻቸው ናቸው። አፈር ብንመልስበት ግፉ ተዳፍኖ ይረሳል። ከዚያ በኋላ የመጡ ሰዎች ደግሞ እዚያው ውስጥ ትንሽ ጸሎት ቤት ሠርተዋል። ይምጡና ይዩት።»

«ጉድጓድ የምገባበት ቀን ሩቅ አይደለም፤ ምን አስቸኮለሽ?»

«እጣቢውን ሳወርድ የኖርኩት እኔ እሄዳለሁ» ብለው ናዝሚዬ ሲነሡ ግን ባልየውም ተከተሉ፤ እኔም አብሬ ወረድኩ።

ሚሞዛ መብራቷን የጸሎት ቤቱ ግድግዳ ላይ አደረገች። በጥቃቅን ባለቀለም ጠጠሮች የተሠራ ዓይነ ትልቅ የመልአክ ፊት ነበር። ከግንባሩ እስከ አገጩ ቅባት ወርዶበታል፤ ጉንጩ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቆ ያብረቀርቃል። በመንገዳችን ዓሣ አጥማጅ ራፖ ብቻ ናቸው።

ራፖ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሊጠርጉት ሲሉ ሚሞዛ ክንዳቸውን ያዝ አደረገች። «አይንኩት፣ አጎቴ። እርጥበቱ ማጣበቂያውን በልቶታል፤ ይረግፋል።»

«መጥረግ እንኳ አልችልም?»

«አሁን የሚያስፈልገው ውኃው እንዲቆም ብቻ ነው።»

እጃቸውን ሰበሰቡ። ባርኔጣውን ሳያጠልቁ ወጡ፤ የዚያን ቀን ምሳም አልቀመሱም።

ራፖ ወዲያው ፍሳሻቸውን ወደ ቱቦው አስገቡ። ጥቂት ቆይቶ የሰፈሩ ሰው ሲሰበሰብ፣ ቡያር የሚባለው ዳቦ ጋጋሪ «የእኔ ጠብታ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሊያስቅ ሞከረ። ራፖ ተነሡ። ገበያውን በጩኸት የሚያናውጡት ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«እኔም እንዳንተ ነበር የማወራው፣ ቡያር። በመልአኩ ፊት ላይ ያለው ቅርፊት የእኔ ነው። አላውቅም ነበር እንዳልል ተነግሮኛል፤ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። በዚህ ዕድሜዬ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። እናንተ ሳይደርስባችሁ ስሙ።»

ማስጠንቀቂያና ልመና ያልዘጉትን ፍሳሽ የአንድ ሽማግሌ ሐፍረት ዘጋው። ጥፋቱን ሸሽጎ የሚመክር ሰው ሰሚ የለውም፤ ገልጦ የሚመክር ግን ጎረቤቱን ያተርፋል። እነሆ ዛሬ የቤቶቻችን ግድግዳ ደርቋል፤ ሽታውም አይጡም ቀርቷል፤ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳም ሰፈራችንን ያውቃል። ጠጋኞች የመልአኩን ፊት አጽንተውታል፤ አንዱ ጉንጭ ግን ጠጠሩ ረግፎ ባዶ ቀርቷል።

በቅርቡ አንዲት ጎብኚ ጉንጩን እያየች «ምን ነካው? የመሬት መንቀጥቀጥ ነው?» ብላ ጠየቀች። ራፖ በጸሎት ቤቱ በር አጠገብ ቆመው ነበር።

«የለም፣ ልጄ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «እኛ ነን።»