የተገለበጠው ኮት

የእጅ ሙያ የሚናቅበት ቤት ስገባ ደሜ ይፈላል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ «ለማንም አላደላሁም» ብዬ እንዳልዋሽ ነው። አድልቻለሁ፤ ዛሬም አዳላለሁ።

ያን ዕለት ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወርድ፣ ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩትን ጡረተኛ ጎረቤቴን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት የጨረሱ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ ከረባት ሳያስሩ ደጅ ስለማይወጡ ሰፈሩ «ጋሼ ከረባት» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብለውታል። ግድግዳውን ተደግፈው ከኮታቸው ቁልፍ ጋር ይታገሉ ነበር። ልረዳቸው እጄን ብዘረጋ ገፉኝ።

«ይተዉት፣ መምህር! ኮቴን የሚቆልፍልኝ ሰው ገና አላስፈለገኝም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይልቅ እግዜር ነው ያመጣዎት። ይግቡና ይቺን ልጅ ይምከሩልኝ፤ እኔስ አቃተችኝ» አሉኝ።

ይቺ ልጅ የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት። ያሳደጓት እሳቸው፣ ያስተማርኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ትምህርቷን ዘንድሮ ጨርሳለች። ስንገባ መስኮቱ ሥር፣ ከእናቷ በወረሰችው የስፌት መኪና አጠገብ፣ ወገቧን ይዛ ቆማለች። ቀሚሷ ላይ የክር ቁራጭ ተበትኗል።

«ይፍረዱን፣ መምህር» አሉ ጋሼ ገና ሳልቀመጥ። «ዛሬ ረፋድ ላይ የድሮ ባልደረባዬ ቢሮው ይጠብቀናል። ለተላላኪነትም ቢሆን ወንበር አላጣላትም ብሎኛል። እሷ ግን ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። ልብስ ሰፊ ልሁን ትላለች!»

«መንገዱ ጥግ ላይ ያሉት የወንዶች ልብስ ሰፊም ዛሬ ነው የሚጠብቁኝ» አለች ልጅቱ። «አንድ ተማሪ ብቻ ነው የሚቀበሉት። ያውም የቤቱ ታላቅ ራሱ መጥቶ ‹ተቀበሉልኝ› ካላለ ደፋቸውን አያስረግጡም። ጋሼ እስከ ቀትር ካልመጡ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።»

ጉዳዩ ይኸው ነበር። በአንድ ጠዋት ሁለት ደጅ ተከፍቷል፤ የልጅቱ ዕጣ ደግሞ በኚህ ሽማግሌ አፍ ላይ ነው።

«ልጄ» አሉ ጋሼ፣ «ሰው የሚከበረው በወንበሩ ነው። ተንበርክከሽ የማንንም ሱሪ ስትለኪ ልትኖሪ ነው?»

«እለካለሁ! ወንበሩ እኮ የርስዎ አልነበረም፣ ጋሼ። ጡረታ ሲወጡ እዚያው ቀረ። እጄ የያዘውን ግን ማን ይነጥቀኛል?»

ሳቄ አመለጠኝ።

«እርስዎም ይስቃሉ፣ መምህር? አስተምረው አስተምረው መርፌ ሊያስይዟት ነው?»

«ያስተማርኳት ሒሳብ ጨርቅ ስትቆርጥ የሚጠፋ መሰለዎት? እስቲ ልጠይቅዎ፤ ቢሮ ገብታ ምን ትሠራለች?»

«ትቀመጣለች!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቀስ በቀስ ከፍ ትላለች።»

«ምን ስለምታውቅ?»

ጋሼ ከረባታቸውን አጠበቁ። አዲስ መንገድም አገኙ። «እሺ፣ ሙያ ክፉ አይደለም እንበል። ምን አስቸኮላት? መጀመሪያ ወንበሯን ትያዝ፤ ሙያውን ሲመቻት ትማረዋለች።»

ይህ «ሲመቻት» የሚሉት ነገር ስንቱን ጎበዝ ልጅ በልቶ እንዳስቀረ በዓይኔ አይቻለሁ። ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ጋሼ ኮታቸውን ወጥረው ፊቴ ቆሙ።

«ይዩት! ስንት ዘመን ቢሮ ተመላልሶ ዛሬም አዲስ ነው። ያለፈው ወር ጉንፋን ጥሎኝ ሳለ ልጅቱ ማጠቢያ ቤት ወስዳው ቀለሙ ተመልሶለት መጣ። የወንበር ሰው ልብስ እንዲህ ነው!»

አየሁት። ልብሱ በእርግጥ አዲስ ይመስላል። የደረት ኪሱ ግን በግራ መሆን ሲገባው በቀኝ በኩል ነበር። ወደ ልጅቱ ዞርኩ፤ ፊቷ ተለዋውጧል።

«ማጠቢያ ቤት አልሄደም፣ ጋሼ» አለች። «ዋሽቼዎታለሁ። እኔ ነኝ የገለበጥኩት። ውጭው አልቆ ነበር፤ ክርኑ ሳስቶ ገበሩ ሊታይ ምንም አልቀረውም። እርስዎ ተኝተው ሳለ ስፌቱን በሙሉ ፈታሁት። ፀሐይ ያልነካውን የውስጡን ፊት ወደ ውጭ አዙሬ መልሼ ሰፋሁት።»

የጋሼ ጣቶች ወደ ቁልፉ ሄዱ። «ቁልፉስ?»

«ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ሆነ። ቁልፉና ቀዳዳው ቦታ ተለዋወጡ፤ ኪሱም ወደ ቀኝ ሄደ። ይህን ቀድሜ አላሰብኩትም። ያየሁት ሰፍቼ ስጨርስ ነው፤ ማስተካከሉን ደግሞ አላውቅበትም።»

ሽማግሌው ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። የሚጮሁ መስሎኝ ነበር፤ የወጣው ድምፅ ግን ቀጭን ነበር።

«ወር ሙሉ!» አሉ። «አባትሽ እኮ እንዲሁ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ቁልፍ መቆለፍ አቃተው፤ ቀጥሎ ማንኪያ ከእጁ ወደቀ። እኔም ተራዬ ደረሰ ብዬ ነበር። እስክሪብቶዬን ልሰካ ስል ደግሞ ኪሱ የለም! ድሮም በቀኝ ነበር እንዴ ብዬ አእምሮዬን ጠረጠርኩ። ለማን ልንገር? ሳልሞት አንድ ቦታ ላስቀምጣት ብዬ ነው እኮ የሰው ደጅ የጠናሁት!»

የተሟገትኩት ከኩራት ጋር መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከፍርሃት ጋር ኖሯል።

የልጅቱ ዓይን እንባ ሞላ፤ አንገቷን ግን አልደፋችም።

«ይቅር ይበሉኝ። ወር ሙሉ ሲሠቃዩ አላወቅኩም። ግን ነገሩ ይኸው ነው፣ ጋሼ! ያለኝ ግማሽ ሙያ ነው። ግማሽ የሚያውቅ ሰው ጤነኛውን ሰው ሊሞት ነው ያሰኛል። የቀረውን የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ። ዛሬ የተሳሳትኩት በአጎቴ ኮት ነው፤ ይቆጡኛል፣ ይምሩኛል። ጎልምሼ፣ ልጆች ወልጄ፣ በማላውቀው ሰው ልብስ ብሳሳት ማን ይምረኛል? ቢሮ አልሄድም። ቢቆጡም አልሄድም፤ ቢያባርሩኝም አልሄድም!»

«እውነቷን ነው» አልኩ። «በልጅነት ሙያ የያዘ ሰው ለመሳሳት ጊዜ አለው። እጁ አልደረቀም፤ ‹አላውቅም፣ አሳዩኝ› ለማለትም አያፍርም። ይህን ጊዜዋን ወንበር ላይ ቢያስጨርሷት፣ ጋሼ፣ መልሰው የሚሰጧት ከየት አምጥተው ነው?»

ጋሼ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡት፤ ፈቱት፤ እንደገና ጨበጡት። ከዚያ ኮቱን ከፍተው በግራ እጃቸው ቆለፉት። እሺ ብሎ ገባ።

«ደህና ነኝ!» ብለው ጮኹ። «መምህር፣ እጄ ደህና ነው!» ወዲያው የኮቱን ጠርዝ ወደ መስኮቱ አስጠግተው መመርመር ያዙ። «ስፌቱስ የታለ?»

«አይታይም» አለች።

«አይታይም!» አሉኝ፣ ራሳቸው የሰፉት ይመስል። «ተነሺ እንጂ! ቀትር እስኪሆን ነው የምትጠብቂው?»

መንገድ ላይ አንድ የጡረታ ጓደኛቸው አስቆመን። ወዴት እንደምንሄድ ሲጠይቅ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እኔም አዳመጥኩ።

«ልጄን ሙያ ላስይዝ! አንተ ያንን ወጣት ልጅህን እስከ መቼ ነው ቤት የምታስቀምጠው? ቀጣሪ ቢያባርረው፣ አገር ቢቀይር፣ ሙያው አብሮት ይሄዳል። በሃያ ዓመቱ ራሱን ችሎ፣ በሠላሳው ሌላውን ያስተምራል። ለአለቃም አያጎነብስም። መማሪያው ደግሞ አሁን ነው፤ እንደ እኔና አንተ እጁ ሳይደርቅ!»

ክርክሩን ሁሉ የራሳቸው አድርገውታል። እኔም አልተቃወምኩም።

ልብስ ሰፊው ካውያውን አስቀምጠው ተቀበሉን። ጋሼ ቀጥ ብለው ቆመው፣ «የወንድሜ ልጅ ናት። ተቀበሉልኝ» አሉ። ልብስ ሰፊው ልጅቱን አዩ፣ ዓይናቸው ወደ ኮቱ ዞረ፣ ቁልፉ ላይ ቆመ።

«ስፌቱ ጥሩ ነው። የቁልፉ ነገር ግን… ያውልቁት፣ አሁኑኑ አስተካክልልዎታለሁ።»

ጋሼ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ኮታቸውንም በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እንዳይነኩብኝ! ያጣመመችው ራሷ ታቃናዋለች። እሷ እስክትማር ድረስ እኔ በግራዬ እቆልፋለሁ።»