ለብርታት የተበላ ማር

እንዴት ዋልክ ምንይሉ ልጄ? ጺሜን ብቻ ነው፤ ምላጩን ቀስ አድርገህ… የዘንድሮን ማንጎ አየኸው? አሶሳ ሁሉ ቢጫ ሆናለች። ለእኔ ቢጤ ሽማግሌ ግማሿ ትበቃለች። አንዳንድ ጎበዝ አለ እንጂ፣ በስኳር አስፈጭቶ በትልቁ ብርጭቆ የሚገለብጥ…

ስም አልጠራሁም። እርስዎም አግዳሚው ላይ ያሉት ጌታዬ፣ ለስላሳዎን ይጠጡ። የሌላ ሰው ወሬ ነው።

አንድ የማውቀው ነጋዴ አለ፤ አምና ያገባ። እንዴት ያለ የተባረከ ሰው መሰለህ! ሆዱ ከሱ ቀድሞ ሰላምታ ይሰጣል። ከቤቱ ድንጋይ ብትወረውር ሱቁ ይደርሳል፤ እሱ ግን በባጃጅ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? የባጃጅ ሒሳብ ቢኖረው እንቁላልስ መች በእግሩ ይሄድ ነበር?

በሠርጉ ሰሞን ዘመዶቹ ለሙሽራ ወግ ነው ብለው ጠዋት ጠዋት ማር በቅቤ አጎረሱት። ወጉ ለሰሞኑ ነበር… እሱ ዓመት ሙሉ ሙሽራ ሆኖ ቀረ። ጉልበት ባነሰው ቁጥር ማንኪያ ይጨምራል፤ ማንኪያ በጨመረ ቁጥር… ተወው። ከዚያ ላይ ቁርጥ። እንዲህ የተቀለበ በሬ ማረስ ያቅተዋል? እኔ ምን አውቃለሁ!

ባለፈው እሁድ ሚስቱ እኛን ሽማግሌዎቹን ጠራች። «ምን በደለሽ?» አልናት። «ምንም አላደረገኝም።» ደግመን ጠየቅን። «ምንም!» ብላ አለቀሰች። ከእኛው ሽማግሌዎች አንዱ አቶ ታፈረ ደግሞ፣ «ምንም ካላደረገሽማ ምስጉን ባል ነው!» አላት። እኔ ከዘራዬን አየሁ… በኋላ ቁርጧን ነገረችን፤ እስከ ሰኔ ሚካኤል ሐኪም ዘንድ ካልቀረበ፣ ሻንጣዋን ይዛ ቡለን ከተማ እናቷ ቤት ትገባለች።

ጨንቆኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር ሐናን «ለአንድ ወዳጄ ነው» ብዬ ጠየቅኋት። ስኳርና ስብ ሲበዛ ቀጫጭኑን የደም ሥር ያበላሻል፤ ደም በደንብ ካልደረሰ ወንድነትም ይለግማል አለችኝ። ስኳሩን ተለክቶ፣ ጣፋጩን ቀንሶ፣ በእግሩ ቢሄድ ብዙው ሰው ይሻለዋል አለች። ይህን ብላ የእኔን ጣት ወጋችው! «አይፈሩ አባባ፣ ሁሉም ለወዳጄ ነው የሚለው» ትላለች። ጉድ እኮ ነው!

እኔ ግን አላማሁትም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ፤ እሱ ከለስላሳው ቢጀምር ምን አጠፋ?… ምነው ጌታዬ፣ ጠርሙሱን አስቀመጡት? ሞቆብዎት ይሆናል።

በል ምንይሉ፣ መርቄ ልነሳ። ለዚያ ሰው እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጠው። ባለቤቱንም ይባርክልን። ሣራ በዘጠና ዓመቷ ልጅ አቅፋ የለ? የእሱ ሚስት ገና ሠላሳዋ ነው… ስልሳውን ዓመት የምትጠብቅበት ትዕግሥት ይስጣት።

እርስዎም ጌታዬ፣ አሜን ይበሉ እንጂ።