የመካኒኩን ፊርማ ሲጠይቁ የኖሩት መምህርት

ዛሬ ልንሸኛቸው የቆምነው፣ ተማሪዎቻቸው በፍቅርም በፍርሃትም «እማማ ብሎን» ይሏቸው የነበሩት የምሕንድስና መምህርት፣ ከዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት በፊት ከቶርኖ ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከጋራዥ ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ፈተና ላይ ብሎን ከኪሳቸው አውጥተው በስንት ቁጥር ቁልፍ እንደሚፈታ ሳይጠይቁ ተማሪ ስለማያሳልፉ ነው።

ትምህርታቸውን በማዕረግ አጠናቀው በውኃ ፓምፕ ፋብሪካ በተቀጠሩ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ዘንግ ያለ ችግር እንዲሽከረከር የሚያደርገውን ባለ ሁለት ቀለበት ኩሽኔታ ዘንጉ ላይ እንዲያስገቡ ቢታዘዙ፣ የውስጡን ቀለበት መግፋት ሲገባቸው የውጭውን በመዶሻ እየመቱ ሦስት አዳዲስ ኩሽኔታ በተከታታይ አበላሹ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ ያልተማሩ አንድ የፋብሪካው መካኒክ አራተኛውን ተቀብለው፣ ሳይስቁም ሳይቆጡም፣ የቧንቧ ቁራጭ በውስጡ ቀለበት ላይ አስደግፈው በሁለት ምት አስገቡት። መምህርቷን አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠው ይህን የሚነግራቸው ሰው መጥፋቱ ዕድሜ ልካቸውን አንገብግቧቸዋል። መካኒኩን ከሁለት ዓመት በኋላ አገቡ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም አፈሩ።

ኮሌጅ ገብተው ማስተማር ሲጀምሩ፣ ለልምምድ የሚላኩ ተማሪዎች ፎቶ ኮፒ ሲያነሱ እንደሚከርሙ ደረሱበት። እንዲያውም አንድ ተማሪ፣ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ካለፈው ወርክሾፕ «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚል ባለ ማኅተም ምዘና ይዞ ቢመጣ፣ ቅጹን በገዛ ቢሯቸው በር ላይ ለጥፈው የኮሌጁን ኃላፊዎች መግቢያ መውጫ አሳጧቸው።

ከዚያ በኋላ የነደፉት ፕሮግራም፣ ተማሪው የመጨረሻውን ዓመት እኩሌታ በፋብሪካ እንዲማርና ውጤቱን አብሮት የዋለው መካኒክ በፊርማው እንዲሰጥ የሚል ነበር። ፕሮግራሙን የሚያጸድቀው የኮሌጁ ኮሚቴ ግን ዲግሪ የሌለው ሰው ዲግሪ ለሚይዝ ሰው ማርክ አይሰጥም አለ። ሰነዱም በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ፣ አንዴ ኅዳጉ ጠበበ፣ አንዴ ርእሱ ረዘመ፣ አንዴ ሰብሳቢው ተቀየሩ እየተባለ አሥራ አንድ ጊዜ ተመለሰ። እሳቸውም ኅዳጉን አሰፉ፣ ርእሱን አሳጠሩ፣ ለአዲሱም ሰብሳቢ እንደ አዲስ አስረዱ፤ የመካኒኩን ፊርማ የምትጠይቀውን ዓረፍተ ነገር ግን ንክች አላደረጉም። ቦርሳቸውን ወርውረው ሰው ሳያናግሩ የሚቀመጡበት ቀን ሲበዛ፣ ባለቤታቸው ፊርማው ይቅርብኝ ብለው ለምነዋቸው ነበር። እሳቸው ግን ማርክ የማይሰጥን ሰው ተማሪ ከቁም ነገር እንደማይቆጥረው እያስረዱ አሻፈረኝ አሉ። ባለቤታቸውም በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የተላኩላቸውን ተማሪዎች ሲያስተምሩ ኖሩ እንጂ በአንዱም ቅጽ ላይ አልፈረሙም።

ልባቸው ከታመመ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ባለፈው ወር ሆስፒታል ሳሉ፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ከወጣች ፕሮግራሙ እንደሚጸድቅ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳቸው። ይህን የሚያነበው ታናሽ ወንድማቸው እንኳ ታክቶት ነበርና፣ በቃ እሺ ይበሉ ብሎ መክሯቸዋል፤ ዛሬ ያፍርበታል። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አስመጥተው፣ በደብዳቤው ግርጌ በእርሳስ «አትወጣም» ብለው ጽፈው መለሱት። በስምንተኛው ቀን ዐረፉ።

መምህርቷ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ ወንድማቸውንና አንድ ያልተፈረመበት ሰነድ ትተው ሄደዋል። በሰነዱ ላይ መፈረም የሚችሉት የኮሚቴው ሰብሳቢ ሥራቸውን ትተው ለቀብሩ ስለተገኙልን ከልብ እናመሰግናለን፤ እሳቸውም በተማሪነታቸው ኩሽኔታ ማስገባትን የተማሩት፣ አሁን ከአጠገባቸው ከቆሙት ከእኚሁ መካኒክ መሆኑን እዚህ ያለን ሁላችን እናውቃለን። ፈጣሪ፣ በየቢሮው ደጅ ስትጠና የኖረችውን ይህችን ነፍስ፣ ነገ ተመለሺ ሳይላት በሩን ከፍቶ ያሳርፍልን።