ቅቤ የተፋው መኪና

(የአያቴ ወንድም አባባ ሰይድ፣ አያቴ ዘሀራ በተቀመጠችበት፣ እንዳወራልኝ)

በኛ ጊዜማ ልጄ፣ እዚህ መካነ ሰላም ላይ «መኪናዬ አልቀዘቀዘልኝም» ብሎ የሚያማርር ሰው ቢመጣ፣ ወይ ጸበል ነበር የሚወስዱት ወይ ሸህ ዘንድ። «የኛ ብርድ አንሶት ነው?» ነበር የሚሉት። አሁን አንተ ደግሞ የሚኒባሴ ማቀዝቀዣ ጋዙን በየጊዜው ይጨርሳል ትለኛለህ። ይጨርሳል አትበል፣ ያፈሳል በል! ጋዝ አይበላ፣ አይጠጣ፤ ከጎደለ የወጣበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳትፈልግ ዝም ብለህ ብታስሞላ በተቀደደ ጀሪካን ውኃ መቅዳት ነው። በል ያንን ስልክ አስቀምጥና ስማኝ። አያትህም ትስማ። ጆሮዋ ደክሟል ይሉሃል፣ ውሸት ነው፣ የፈለገችውን ነው የምትሰማው።

ታዲያ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ እኔ አሰብ ወደብ ነበርኩ። አሰብ ሙቀቱ ሰው ይቀቅላል፣ ወላሂ። እዚያ የትልልቅ ሰዎች መኪና ማቀዝቀዣ ነበረው፣ እኔም እሱን ስፈታ ስገጥም እጄ ለመደ። እና ኋላ ደሴ መጥቼ እየሠራሁ ሳለ ወሬ ደረሰኝ። ከመካነ ሰላም በታች፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ፣ እብድ ውሻ ገብቶ ሰው ነክሷል። ከተነከሱት አንዷ ማን ናት? ዘሀራ! ይቺው አያትህ፣ እህቴ። ያኔ ገና አዲስ ሙሽራ ናት።

እብድ ውሻ የነከሰው ሰው በሽታው አንዴ ከጀመረው አበቃ። ውኃ ይጠማዋል፣ ውኃ ሲሰጡት ደግሞ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል፣ መዋጥ አይችልም። አይቻለሁ፣ አታሳየኝ ነው የሚባለው። መድኃኒቱ ግን ሳይጀምረው ከተወጋ ያድናል። ችግሩ መድኃኒቱ ሙቀት አይችልም። ተካ የሚባል የደሴ ሆስፒታል ድሬሰር፣ መርፌ ወጊ፣ ደግ ሰው፣ «በበረዶ ይዘን እንውረድ» አለኝ። «ተካ፣ በረዶው መንገድ ላይ ይሟሟል፣ ቆላው ምድጃ ነው!» አልኩት። እና አንድ ከአሰብ የመጣ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ደሴ ነበር፣ ባለቤቱን እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ሰጠኝ፣ አላህ ይስጠው።

መድኃኒቱን ቀዝቃዛው ንፋስ ከሚነፋበት ፊት አስቀመጥነውና አቀስታን አለፍን፣ መካነ ሰላምን አለፍን። ታዲያ ደጋው አልቆ ቁልቁለቱ የሚጀምርበት አፋፍ ላይ ስንደርስ ጉም ወረደብን። ጉም ስልህ፣ የመኪናው አፍንጫ አይታይም። እኔ እጄን ንፋሱ ላይ ባደርግ ለብ ብሏል። «ተካ፣ ጉድ ሆነናል» አልኩት። አቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁት።

ጸጥ አለ። ወፍ የለ፣ ውሻ የለ። እና ከሞተሩ ውስጥ ሽሽሽሽ... ሽሽሽሽ... ይላል። ሰው አጠገብህ ሆኖ የሚያንሾካሹክ ነው የሚመስለው። ቀና ስል ሰዎች ቆመዋል። ሲመጡ አልሰማንም፣ ብቻ ቆመዋል፣ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው። ለካስ ያቆምነው አድባራቸው ሥር ነው፤ ትልቅ ወይራ፣ ግንዱ ከቅቤ ብዛት የወዛ።

እመት ዘነበች የሚባሉ አሮጊት ነበሩ ፊት የቆሙት። «እሱ ምን እያለ ነው?» አሉኝ።

«ጋዝ ነው እናቴ። ከቧንቧው እየወጣ ነው።»

«ምንድን ነው የወጣው?» አሉና ዞረው ወይራውን አዩት።

እኔ ምን ጊዜ አለኝ! ሳሙና በጥብጬ ቧንቧውን አረፋ ልቀባው ነው፤ የሚያፈስበት ቦታ አረፋው ይፈላል፣ ታየዋለህ። ከተካ ጋር ውኃ ልንቀዳ ምንጭ ወረድን። ስንመለስ ምን አገኘን? ቅቤ! እመት ዘነበች ቧንቧውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቅቤ ቀብተውታል! አየህ፣ የሚያፈስ ቦታ ዘይት ያወዛል፣ አቧራ ይይዛል፣ በዚያ ነው የምትለየው። አሁን ሁሉም ወዝቷል። ሳሙናውም ቅቤ ላይ አረፋ አልይዝ አለ።

«ምን ነካዎት እናቴ! እህቴን ገደሏት!» ብዬ ጮኽኩ።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «የተቆጣ አድባር ሳይቀባ ማን አልፎ ያውቃል? ለናንተው ብዬ ነው።» ለክፋት እንዳልሆነ ፊታቸው ይናገራል፣ እና ምን ልበላቸው።

አንድ ነገር ቀረችኝ። ከአሰብ ያመጣኋት የመፈተሻ መብራት። ከጎኗ ቀጭን የጎማ ቱቦ አላት፣ ቱቦዋ አየሩን ስባ ወደ ነበልባሉ ታመጣዋለች። ንጹሕ አየር ከሆነ ነበልባሉ ሰማያዊ ነው። ያ ጋዝ ካለበት አረንጓዴ ይሆናል። ለኮስኳት፣ ሰማያዊ። ወደ ሞተሩ አስጠጋኋት... አረንጓዴ! ሰዉ ሁሉ «ያረቢ!» «እግዚኦ!» እያለ ወደ ኋላ አለ። በዚህ ብወስዳት አረንጓዴ፣ በዚያ ብወስዳት አረንጓዴ፤ ጋዙ ሁሉንም ሞልቶታል። ከየት እንደሚወጣ በምን ልወቅ?

አየሩ ይጥራልኝ ብዬ ከመኪናው ራቅ አልኩ። አረንጓዴ። አሁንም ራቅኩ፣ ቱቦዋን ወደ መሬት ዝቅ ባደርጋት ብሶበት አረንጓዴ። ጋዙ ከአየር ይከብዳል ልጄ፣ እንደ ውኃ ቁልቁል ነው የሚሄደው። ይህን አውቃለሁ፣ ተምሬዋለሁ። ግን ያን ነበልባል ይዤ በጉም ውስጥ ስሄድ አንድ ነገር ከፊቴ ፊቴ የሚሄድ መሰለኝ። እና እስከ ገደሉ አፋፍ አደረሰኝ። ከዚያ ወዲያ ቆላው ነው።

አንዱ ከጉሙ ውስጥ፣ ማን እንደሆነ ፊቱን አላየሁትም፣ «ወረደ» አለ።

«ወዴት?»

«ወደ ሙሽራዪቱ ነዋ። ቀድሟችኋል።»

ልጄ፣ ሙሽራ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም! ተከትሎኝ የመጣውን ተካን «አንተ ነገርካቸው?» ብዬ አየሁት፣ አልነገርኩም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ወሬው ከቆላ ቀድሞ ወጥቶ ይሆናል ብዬ ራሴን ላጽናና አልኩ፣ ልቤ አልጽናና አለኝ።

ይኼኔ እመት ዘነበች ከመኪናው በኩል ተጣሩ። «ልጄ፣ ና፣ እዚች ላይ ቅቤዬን አልቀበል አለኝ።»

«ምን አሉ?»

«ደጋግሜ ቀባሁት። ይተፋብኛል።»

ሮጥኩ። ባይ፣ አንዲት መጋጠሚያ ላይ ቅቤው ነጭ ሆኖ ደርቋል፣ በረዶ ይመስላል፣ መሐሉ ላይ የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ፤ ጡፍ፣ ጡፍ እያለ ቅቤውን ይተፋል። ጋዙ ሲወጣ ያቀዘቅዛላ! አጃኢብ! እሳቸው ያለቅሳሉ፣ እነሱ ዘንድ አድባር ቅቤ ከመለሰ ነፍስ ፈልጓል ማለት ነው። እኔ ጉልበታቸውን ስሜ እስቃለሁ። ተካ ሁለታችንም ያበድን መስሎታል።

ቶሎ መብራቷን አጠፋሁ፣ ያ ጋዝ በእሳት ሲቃጠል ጭሱ ሳንባ ይቆርጣል፤ ይህን አትርሳ። የቀረውን ጋዝ አስለቀቅሁ። መጋጠሚያውን ብፈታው የቧንቧው ከንፈር፣ ያ ሰፋ ያለው ጫፉ፣ ተሰንጥቋል። ቆረጥኩት፣ አዲስ ከንፈር አወጣሁለት፣ በሁለት መፍቻ አጠበቅኩት፣ ከያዝነው የጋዝ ሲሊንደር ሞላሁት። አየሩ ሲጠራ መብራቷን ለኩሼ አስጠጋኋት። ሰማያዊ። ሞተሩን አስነሳሁት፣ ብርዱ መጣ! እመት ዘነበች ጣታቸውን ሰደው አዲሷን መጋጠሚያ ቅቤ ቀቧትና «አሁን ተቀበለኝ» አሉ። ተውኳቸው፣ ይቀቡ።

ከዚያ ያንን ቁልቁለት እንዴት እንደወረድኩት አልነግርህም። ቀድሟችኋል፣ ቀድሟችኋል ይላል ጆሮዬ። ደጃፏ ላይ ስንደርስ የሚያለቅስ የለም፣ የሚያወራም የለም። ገባሁ። ምድጃው ዳር ተኝታለች። «ዘሀራ!» አልኩ። ቀና አለችና «ወንድም ጋሼ፣ ውኃ ስጠኝ» አለችኝ። ቀድቼ ሰጠኋት። ጠጣችው፣ ልጄ! ግጥም አድርጋ ጠጣችው! መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ተካ የመጀመሪያውን እዚያው ወጋት፣ ሌሎቹን የተነከሱትንም ወጋ፣ የቀረውን መርፌ መካነ ሰላም አምጥተን አስጨረስናቸው። ይኸው ተቀምጣ ታየኛለች።

እና ምን ልልህ ነው፣ መፈተሻህን ሁልጊዜ ከሥር ያዝ። ከላይ ብትፈልገው አታገኘውም፣ ጋዝ ቁልቁል ይወርዳል።

አያቴ፦ ያን ቀን እሳቱ አረንጓዴ ሆኖብኝ ነበር።

አባባ ሰይድ፦ የምን እሳት?

አያቴ፦ ምድጃዬ ነዋ። እናንተ ሳትደርሱ። አረንጓዴ ሆኖ ሲነድ፣ በቃ በሽታው ጀመረኝ፣ ዓይኔን አዞረኝ ብዬ ዝም አልኩ። ውኃ የጠየቅሁህ መዋጥ መቻሌን ልየው ብዬ ነው።

አባባ ሰይድ፦ ያረቢ! ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?

አያቴ፦ መች ጠየቅኸኝ? ደግሞ ምን ያስደነግጥሃል፣ (እየሳቀች) ቁልቁል ይወርዳል ያልከው አንተው አይደለህ?